አለርጂ ያለበት ቤት የዓመት ቀለቡን ሲሸምት

ታኅሣሥና ጥር ላይ እህሉ ተወቅቶ ከአውድማ ሲገባ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ገበያዎች ይሞላሉ። ማሐል ሜዳም ይሁን ሞላሌ፣ ራቤልም ይሁን ዓለም ከተማ፣ በገበያ ቀን ኩንታል አስጭኖ ከአህያው ኋላ እየተከተለ ወደ ቤቱ የሚያቀና ሰው ማየት የተለመደ ነው። ገበሬው ከማሳው ያገኘውን ይከታል። ደመወዝተኛው ደግሞ ዋጋው ክረምት ላይ ከመናሩ በፊት ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ምስሩን፣ የሽሮ እህሉን በጅምላ ይሸምታል። አቅም ያነሰው ከጎረቤቱ ጋር አንድ ኩንታል ተካፍሎ ይገዛል። ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘይትና ዱቄት የሚያወጣ አለ፤ ደብረ ብርሃን ወርዶ ከአከፋፋይ በካርቶን የሚያመጣም አለ። ብልህነት ነው።

ከቤተሰቡ አንዱ የምግብ አለርጂ ያለበት ከሆነ ግን የጅምላ ሸመታ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ተገዝቶ ለልጁ ካልተስማማው ይደፋል፤ ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። ሃያ አምስት ኪሎ ሲሆን ግን ለመድፋት እጁ የሚደፍር ሰው የለም። በየቀኑ ይወጠወጣል፣ በየቀኑ ይቀርባል፣ ልጁም ወር ሙሉ ያሳክከዋል። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ዋና ነገር ይህ ነው፦ አለርጂ ባለበት ቤት አደጋው በአብዛኛው የሚገባው በድስቱ ሳይሆን በጆንያው፣ በወፍጮውና በመስፈሪያው ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መጀመር አለበት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። ምርመራ ክፍል ገብተው «ይህ ምግብ አይስማማኝም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ አለርጂ የለባቸውም። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ስላነሰው ነው፤ ይረብሸዋል እንጂ አይገድለውም። ሽሮ ሲበላ ደረቱን የሚያቃጥለው የጨጓራ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጓያ አዘውትሮ በመብላት እግር የሚያልፈሰፍሰው በሽታም መርዝ እንጂ አለርጂ አይደለም። እሸት ባቄላ በልቶ ሽንቱ የሚጠቁርና ዐይኑ ቢጫ የሚሆን ልጅም ችግሩ በዘር የሚወረስ የደም ሕዋስ ጉድለት ነው፤ እሱም ባቄላ መተው አለበት፣ ሕክምናው ግን ሌላ ነው።

እውነተኛው የምግብ አለርጂ የሰውነታችን መከላከያ ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከተበላ ከደቂቃዎች አንሥቶ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ቆዳው ሳማ የነካው ይመስል ጉብ ጉብ እያለ ያሳክካል። ከንፈር፣ ዐይንና ምላስ ያብጣል። ሆድ ይቆርጣል፣ ያስታውካል። ሲብስ ድምፅ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ሲር ሲር ይላል፣ የደም ግፊት ወርዶ ሰውየው ይዝለፈለፋል። እዚህ የደረሰው አናፊላክሲስ ይባላል፤ በፍጥነት ካልታከመ ይገድላል። ሌላው መለያው መደጋገሙ ነው፦ ያው ምግብ በተበላ ቁጥር ያው ምልክት ይመጣል፤ መጠኑም ጥቂት ሆኖ ሊበቃ ይችላል።

ይህን ልዩነት አጥብቄ የማነሳው ያለ በቂ ምክንያት ምግብ መከልከል በራሱ ጉዳት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት እንደሌላቸው አሳይቷል። እንቁላልና ወተት አልፎ አልፎ በሚገኝበት ቤት አንድ ጊዜ ሽፍታ ስለወጣበት ብቻ ልጁን ከሁለቱም ማገድ ከበሽታው የከፋ ሊሆን ይችላል። እህት ወይም ወንድም ስለታመመ ሌሎቹን ልጆች መከልከልም እንዲሁ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነ ጥናት ለአለርጂ ተጋላጭ የሆኑ ሕፃናት ከአራት እስከ አሥራ አንድ ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ ለውዝ እንዲቀምሱ ሲደረግ፣ እንዳይቀምሱ ከተደረጉት ይልቅ የለውዝ አለርጂ በእጅጉ ቀንሶባቸዋል። እንዲህ ያለውን ሙከራ ግን ከባድ ችፌ ወይም የታወቀ አለርጂ ባለበት ሕፃን ላይ ያለ ሐኪም አይጀምሩት። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ክልከላ፣ ከዚያ ሸመታ።

የትኞቹ ምግቦች ናቸው? የአሜሪካ ሕግ ለብዙ ጊዜ ስምንት ምግቦችን በእሽግ ላይ እንዲጻፉ ያስገድድ ነበር፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር እንስሳት፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ፣ ስንዴና አኩሪ አተር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር አሥራ አራት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ እኛ በደንብ የምናውቃቸው ሰናፍጭና ግብጦ ይገኙበታል። እንግዲህ የእኛን ማጀት በዚህ ዝርዝር ሲመለከቱት ባዕድ አይሆንብዎትም። ሰሊጥና ሰናፍጭ የጾም ገበታ ናቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ በየቤቱ አለ። በዝርዝሮቹ ውስጥ ያልገቡት ምስር፣ ሽምብራና አተርም እንደ ስፔንና ሕንድ ባሉ ጥራጥሬ በብዛት በሚበላባቸው አገሮች አለርጂ በማስነሣት የታወቁ ናቸው። መቀቀልም አያበርዳቸውም፤ አንዳንድ ሰው ምስር ሲፈላ በሚወጣው እንፋሎት ብቻ ይታመማል። አማኝ ምዕመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር ደግሞ ጥራጥሬና የቅባት እህል የምንበላው በጣም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሽሮው እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሽሮ በመልኩ አንድ ነው፣ በውስጡ ግን ብዙ ነው። አንዱ የአተር ነው፣ ሌላው የባቄላ፣ ሌላው የሽምብራ፤ ብዙው ድብልቅ ነው። ርካሹ ጓያ ሊገባበት ይችላል። በከተማ ደግሞ ጣዕም እንዲሰጥ ለውዝ ቆልተው የሚጨምሩበት አሉ። ከተፈጨ በኋላ በዐይንም በጣትም መለየት አይቻልም። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን በሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ይዛው መጣች። ልጁ የለውዝ አለርጂ እንዳለበት ቀድሞ ታውቋል፤ እሷም ለውዝ ከቤት ካስወጣች ቆይታለች። ሆኖም ከንፈሩ እያበጠ፣ ገላው እያሳከከው ያድራል። አያቱ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ያሹታል። ስንጠያየቅ የታመመባቸው ቀናት ሁሉ ሽሮ የበላባቸው ሆነው ተገኙ፤ ሽሮው ደግሞ ዘመድ ከከተማ ተፈጭቶ የተዘጋጀ አሥር ኪሎ ገዝቶ የላከላት ነበር። ሻጯ በስልክ ስትጠየቅ ሳትሸሽግ ነገረቻት፦ «እንዲጣፍጥ ትንሽ ለውዝ አለበት።» ሻጯ ምንም ክፋት አልሠራችም፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ልጁ አሁን ደኅና ነው፤ ሽሮውን የእናቱ ጎረቤቶች ተካፍለው በሉት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ አለርጂ ላለበት ቤት የተፈጨ ነገር በጅምላ አይግዙ። ሽሮም፣ በርበሬም፣ በሶም፣ የእህል ዱቄትም። ጥሬውን ይግዙ። ያልተፈጨ እህል አይዋሽም፤ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ያዩታል፣ ይለቅሙታል። ሲገዙም ነጋዴው ከላይ የሚያሳይዎትን ብቻ አይመኑ፤ ከጆንያው ከታችኛው ክፍል አንድ ጣሳ አስወጥተው ይመልከቱ። ምስር ውስጥ ስንት የስንዴ ፍሬ አለ? አተር ውስጥ ጓያ ተቀላቅሏል? ገበሬው በአንድ አውድማ ላይ ተራ በተራ ባቄላም ስንዴም ገብስም ስለሚወቃ መቀላቀሉ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ግን ለእርስዎ ቤት መታወቅ አለበት። ከሚያውቁት ገበሬ በቀጥታ መግዛት ከቻሉ ከዚህ የተሻለ የለም። ማሳው ላይ ምን እንደዘራ፣ ከምን ቀጥሎ እንደወቃ ይነግርዎታል። ይህ ዕድል የአዲስ አበባ ሰው የሌለው፣ የመንዝ ሰው ግን ያለው ነው።

ጆንያው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት ሥራው አያልቅም። ስንዴ የመጣበት ጤፍ ይሰፈርበታል፣ ለውዝ የነበረበት ምስር ይጫንበታል። አራግፎ መጠቀም አይበቃም፤ በስፌቱ መካከል ዱቄትና ስብርባሪ ይቀራል። አዲስ ከረጢት ገዝተው፣ ካልሆነም በደንብ ታጥቦ የደረቀ የራስዎን ይዘው ይሂዱ። ከጎረቤት ጋር ተካፍለው የሚገዙ ከሆነ የእርስዎ ድርሻ መጀመሪያ ይሰፈር። መስፈሪያው ጣሳም ቀድሞ ለውዝ ወይም ሰሊጥ የተሰፈረበት እንዳይሆን ከቤትዎ ይውሰዱ። ነጋዴው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤት። ከእርስዎ በፊት የተፈጨው ነገር በድንጋዩና በመውረጃው ውስጥ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ጥቂት ኪሎ ዱቄት የሌላ ሰው እህል ይዞ ይወርዳል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጧት ወፍጮው ተጠርጎ ሥራ ሲጀመር ቀዳሚ ሆኖ መገኘት ነው። ሁለተኛው ከራስዎ እህል ጥቂት ኪሎ አስቀድሞ አስፈጭቶ መውረጃውን ማጠብና ያንን ዱቄት ለብቻ ይዞ አለርጂ ለሌለበት የቤት ሰው ወይም ለጎረቤት መስጠት ነው። ይህ ቅሪቱን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም። አለርጂው ብርቱ የሆነበት ልጅ ካለ፣ ለእሱ የሚሆነውን በቤት ወፍጮ ወይም በሙቀጫ ማዘጋጀት ይሻላል፤ ሙቀጫውም ዘነዘናውም የዚያው ብቻ ይሁን። ልጁን ወደ ወፍጮ ቤት ይዘውት አይሂዱ። በአየር ላይ የሚበነው ዱቄት አስም ሊያስነሣበት ይችላል።

በርበሬና ቅመምም በዚሁ ሕግ ይተዳደሩ። ዛላውን ገዝተው በቤት አስቀጥቅጠው ቢያስፈጩት፣ በውስጡ የገባውን ያውቁታል። ስልጆና እልበት ከውጭ ሲገዙ የባቄላ ወይም የምስር ዱቄትና ሰናፍጭ እንዳለባቸው ያስታውሱ።

የዘይት ጉዳይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በፋብሪካ በሙቀት የተጣራ ዘይት ፕሮቲኑ በአብዛኛው ስለሚወጣለት ለብዙ የለውዝ አለርጂ ላለባቸው ሰዎች አደጋው አነስተኛ ነው። በአካባቢ መጭመቂያ የተጨመቀው ያልተጣራ ዘይት ግን ፕሮቲኑን ይዞ ይመጣል። የኑግ ዘይት ነው ተብሎ የተሸጠ በዚያው መጭመቂያ ከሰሊጥ ወይም ከለውዝ ቀጥሎ የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከመሙላትዎ በፊት ባለ መጭመቂያውን ይጠይቁ፤ መልሱ ካላረካዎት የታሸገና የተጣራ ይግዙ፣ ቢወደድም።

መንዝ የገብስ አገር ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ እንጀራው፣ ጠላው ከገብስ ነው። ከስንዴ፣ ከገብስና ከአጃ ጋር የማይስማማው አንጀት ያለው ሰው፣ ሲሊያክ የሚባለው በሽታ፣ በጥብቅ ትርጉሙ አለርጂ አይደለም። ፍንደሳም አያመጣም፣ ጉሮሮም አይዘጋም። ቀስ በቀስ አንጀቱን ይጎዳል፣ ያከሳል፣ ደም ያሳንሳል። የሸመታው ጥንቃቄ ግን አንድ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ዕድሜ ልክ ነው። መፍትሔው ጤፍና ማሽላ ነው፤ ሁለቱም ይህ በሽታ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ፕሮቲን የላቸውም። የመርሐቤቴ ቆላማ ቀበሌዎች ሁለቱንም ያመርታሉ፤ የሚንጃር ጤፍም ሩቅ አይደለም። ጤፍ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ደቃቅ ነው። በቀጭን ወንፊት ቢነፉት ጤፉ ያልፋል፣ ስንዴና ገብሱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ስብርባሪና አቧራ ግን አብሮ ሊያልፍ ስለሚችል ከመንፋቱ በፊት በሰፌድ ማበጠር ያስፈልጋል። ኩንታል ጤፍ ሲገዙ ይህን ሥራ አንድ ቀን ጨርሰው ያስቀምጡት። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ላይ ግን አይተማመኑ፤ የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሩዝ ይቀላቀልበታል። ከጎረቤት የሚመጣ እርሾም ገብስ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ የራስዎን እርሾ ይያዙ።

በካርቶን ወደሚገዛው የታሸገ ምግብ ስንመጣ ዋናው መሣሪያ ጽሑፉ ነው። ብስኩት፣ የዱቄት ወተት፣ ማርጋሪን፣ ለሕፃናት የሚሆን የእህል ዱቄት፤ ሁሉም ላይ የተቀላቀለው ነገር ዝርዝር መኖር አለበት። ከሸማቾች ማኅበር ወይም እንደ አለ በጅምላ ካለ አከፋፋይ ካርቶን ሲገዙ አንዱን እሽግ አስወጥተው ያንብቡ። ባለፈው ወር የገዙት ያው ስም ያለው ብስኩት ስለሆነ ብቻ አይለፉት፤ ፋብሪካዎች አሠራራቸውን ይለውጣሉ፣ ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ይለወጣል። ካዜይን ወይም ዌይ የሚል ቃል ካገኙ ወተት ነው። «ሜይ ኮንቴይን» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ «ሊኖርበት ይችላል» ማለት ነው፤ አለርጂው ብርቱ ለሆነበት ሰው «አለበት» ብለው ይቁጠሩት። ከዐረብ አገር የሚመጣ እሽግ ላይ ሀሊብ ወተት፣ ሲምሲም ሰሊጥ፣ ፉል ሱዳኒ ለውዝ፣ ቀምሕ ስንዴ ነው። ከአካባቢያችን ወደዚያ ሄደው ሠርተው የተመለሱ እህቶች በየቀበሌው አሉ፤ አንድ እሽግ ይዘው ቢያስነብቧቸው ደስ ይላቸዋል። ጽሑፍ የሌለው ነገር፣ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ብስኩትና ከረሜላ፣ ለዚህ ቤት አይሆንም። ከካርቶኑ አውጥተው ወደ ጣሳ ሲገለብጡም የጽሑፉን ቁራጭ ቆርጠው ጣሳው ላይ ይለጥፉ።

ለምግብ እጥረት ሕክምና ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የተሠራው ከለውዝና ከዱቄት ወተት ነው። የለውዝ ወይም የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ካለዎት ለሚሰጥዎ ባለሙያ ሳይጠየቁ ይንገሩ። እንደ ፋፋ ያሉ የተደባለቁ የሕፃናት ዱቄቶችም ስንዴና አኩሪ አተር ስለሚኖርባቸው እንዲሁ ሳያነቡ አይስጡ።

ውጭ አገር ያለው ዘመድም የዚህ ታሪክ አካል ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን እንደ ኮስትኮ ባሉ በአባልነት ካርድ ብቻ በሚገባባቸው ትልልቅ የጅምላ መደብሮች ይገዛሉ። ይህ ድርጅት የመጀመሪያ መደብሩን እ.ኤ.አ. በ1983 በሲያትል የከፈተ ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ከዚያ የተገዛ ትልቅ ማሰሮ የለውዝ ቅቤና የተደባለቀ የዛፍ ፍሬ አይጠፋም። በፍቅር የመጣ ስጦታ ነው፤ አለርጂ ያለበት ሕፃን ባለበት ቤት ግን መከፈት የለበትም። ከመምጣታቸው በፊት ደውለው ይንገሯቸው። ይልቅስ ሌላ ነገር እንዲያመጡ ይጠይቋቸው፦ በሐኪም ማዘዣ የሚገዛውን፣ ራስን በራስ የሚወጋበት የአድሬናሊን መርፌ፣ ኤፒፔን የሚባለውን። በአገራችን መድኃኒት ቤቶች በቀላሉ አይገኝም። ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ለሆነ ልጅ 0.15 ሚሊ ግራም የያዘው፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 0.3 ሚሊ ግራም የያዘው ነው። የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ፤ ፍሪጅ ውስጥም ፀሐይ ላይም አያስቀምጡት። አጠቃቀሙን ሐኪምዎ ያሳይዎት።

ይህ መርፌ የሌለው ቤት፣ ማለትም አብዛኛው ቤት፣ ከሸመታው በፊት አንድ ሌላ ጥናት ማድረግ አለበት። በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን አለው? ማታ ማን አለ? አምቡላንሱ በየትኛው ስልክ ይጠራል? ማሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሆስፒታሉ በደጁ ነው፤ በጀማ ወይም በወንጪት ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር ግን በእግር ብዙ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ለሁለቱ የምሰጠው ምክር አንድ አይደለም። ከሕክምና የራቀው ሰው የሚከለክለውን ምግብ ከቤቱ ጨርሶ ያስወጣ፤ «ለልጁ ብቻ እንጠነቀቃለን» አይበቃውም። ሁሉም የቤት ሰው አንድ ዓይነት ሽሮ ቢበላ ለእናትየውም ይቀላታል፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ መጠበቅ ከድካምም በላይ ነው።

ጥንቃቄ ተደርጎም ቢከሰት፣ ትንፋሽ ያጠረውን ወይም የተዝለፈለፈውን ሰው አያስቁሙት፣ አያስኬዱት። ጋደም አድርገው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ደግፈው ያስቀምጡት። እንዲያስታውክ አያስገድዱት፣ ወተት አያጠጡት፣ ዳማከሴ በማሸት ጊዜ አያጥፉ። የማሳከክ ኪኒን ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮውን አይከፍትም። ሕይወት የሚያድነው በጭኑ ውጫዊ ጎን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ ከሁሉም በፊት እሱ ይሰጥ ዘንድ ባለሙያውን «የምግብ አለርጂ አለበት» ብለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይንገሩት። ከተሻለውም በኋላ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ወዲያው ወደ ቤት አይመለሱ።

ድግስ ላይ የሚሆነውን ብዙም አልዘረዝርም። ለዝክርና ለሠርግ በጅምላ የሚፈጨው ሽሮ ከአሥር ቤት የተዋጣ ነው፤ ውስጡን ማንም አያውቀውም። ልጁ ከቤቱ በልቶ ይሂድ፣ ምግቡንም በሳህን ይያዝለት። ለወጥ ሠሪዋ ቀድመው ቢነግሯትም መልካም ነው፤ የእድር ሴቶች ከነገሯቸው አይረሱም።

የሚቀረው የመጠኑ ጉዳይ ነው። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ ለውዝ የሚተወው ከአምስት ልጆች አንዱን ያህል ነው፤ የሰሊጥም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ለውዝና ሰሊጥ ለሚከለከልበት ቤት የዓመት ቀለብ አስቦ መግዛት ስሜት ይሰጣል፣ ጥንቃቄውንም አንድ ጊዜ ሠርተው ለዓመት ያርፋሉ። ለወተት ምትክ ብለው የሚገዙትን ውድ የታሸገ ዱቄት ግን ከሁለትና ከሦስት ወር በላይ አያከማቹ። ልጁ አልፎት እንደሆነ በቤትዎ ቀምሶ መሞከር አይገባም፤ ሙከራው የሚደረገው አድሬናሊን በተዘጋጀበት፣ ሐኪም አጠገቡ በቆመበት ሆስፒታል ነው። እህሉ ከአውድማ ከመግባቱ በፊት፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ልጁን ይዘው ለክትትል ይምጡ፤ ምን መሸመት እንዳለብዎት ያን ጊዜ አብረን እንወስናለን።